ታላቁ ማን ነው? የዩሲኤልኤን ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ማመዛዘን ለምን ይከብዳል

የዩሲኤልኤን፣ ማለትም በሎስ አንጀለስ የሚገኘውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የነጥብ መዝገብ የሚመለከት ሰው ከሁሉም በላይ ሰፍሮ የሚያገኘው የዶን ማክሊንን ስም ነው። ማክሊን ከ1988 እስከ 1992 በተጫወተባቸው አራት የውድድር ዘመናት 2,608 ነጥብ አስቆጥሯል። ከእርሱ በታች በ2,325 ነጥብ የተመዘገበው ሉ አልሲንዶር ነው፤ ዓለም በኋላ ከሪም አብዱል-ጃባር ብሎ ያወቀው ተጫዋች ማለት ነው። ይሁን እንጂ የቡድኑን ታሪክ ከሚያውቁ ሰዎች መካከል ማክሊንን ከአልሲንዶር የሚያስቀድም ማግኘት ይቸግራል። መዝገቡ አልተሳሳተም፤ ማክሊንም የተዋጣለት አስቆጣሪ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ቁጥር የተመዘገበው በዘመኑ ደንብ ሥር ነው፤ ደንቡን ደግሞ መዝገቡ አይናገርም።

ስለዚህ የአንድ ኮሌጅ ቡድን ታላላቅ ተጫዋቾች እነማን እንደሆኑ ለመናገር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ጥቂት ነገሮችን ማወቅ አለበት። ተጫዋቹ ስንት ዓመት እንዲጫወት ተፈቅዶለት ነበር? የትኛው አጨዋወት ተከልክሎበት ነበር? ዋንጫ ለማንሣት ስንት ጨዋታ ማሸነፍ ይጠበቅበት ነበር? ከዩኒቨርሲቲው ቀደም ብሎ ወጥቶ ገንዘብ ወደሚያገኝበት ሊግ መሄድስ ይችል ነበር? ዩሲኤልኤን የመረጥሁት የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በአንድ ቡድን ታሪክ ውስጥ ከሌላው ሁሉ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ተጫዋቾች ተማሪዎች ሲሆኑ፣ በመደበኛው ደንብ አንድ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ ቡድን የሚሰለፈው ቢበዛ ለአራት የውድድር ዘመናት ነው። ውድድሩን የሚመራው ኤንሲኤኤ የተባለው ብሔራዊ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ነው፤ የውድድር ዘመኑም የሚደመደመው አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ወዲያው በሚሰናበትበት ብሔራዊ የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። ዩሲኤልኤ ይህን ዋንጫ 11 ጊዜ ወስዷል፤ በወንዶች ውድድር ይህን ያህል ያገኘ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የለም። ከእነዚህ ውስጥ አሥሩ የተገኙት አሠልጣኝ ጆን ውደን ቡድኑን በመሩበት ዘመን፣ ከ1964 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ነው። ከ1967 እስከ 1973 ባሉት ሰባት ዓመታት ደግሞ ዋንጫው አንድም ጊዜ ከእጃቸው አልወጣም።

ከደንቦቹ ሁሉ የነጥብ መዝገቡን ይበልጥ ያዛባው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን የሚመለከተው ነው። እስከ 1972 ድረስ በወንዶች ቅርጫት ኳስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን መሰለፍ አይፈቀድለትም ነበር፤ የሚጫወተው ከእኩዮቹ ጋር በተለየ የጀማሪዎች ቡድን ውስጥ ብቻ ነበር። ይህ ማለት ከዚያ በፊት የነበረ ተጫዋች ሁሉ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ በመዝገብ የሚያዝለት ሦስት ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው። የአልሲንዶር ጉዳይ የዚህን ደንብ ትርጉም ፍንትው አድርጎ ያሳያል። አልሲንዶር በኒው ዮርክ ተወልዶ ያደገ፣ ቁመቱ 2.18 ሜትር የሆነ ወጣት ሲሆን፣ ዩሲኤልኤ የገባው በ1965 ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የዩኒቨርሲቲው አዲስ አዳራሽ ፖሊ ፓቪሊየን ሲከፈት፣ የጀማሪዎቹ ቡድን ከዋናው ቡድን ጋር ተጋጠመ። ዋናው ቡድን የ1964 እና የ1965 ሻምፒዮን ሲሆን፣ ለአዲሱ የውድድር ዘመንም በአገሪቱ አንደኛ ይሆናል ተብሎ የተገመተ ነበር። ጀማሪዎቹ 75 ለ60 አሸነፉ፤ አልሲንዶርም ብቻውን 31 ነጥብ አስቆጠረ። በሌላ አነጋገር በዚያ ዓመት ከአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ የነበረው ሰው፣ ምናልባትም ምርጡ፣ በዋናው ውድድር አንዲትም ደቂቃ ሳይጫወት ዓመቱ አለፈ።

በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ ለዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ፣ በዚያው ከተማ ባለው ተቀናቃኝ ዩኒቨርሲቲ በዩኤስሲ ላይ 56 ነጥብ አስቆጠረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ በዋሽንግተን ስቴት ላይ 61 ነጥብ አገባ። በሦስት ዓመት ውስጥ ዩሲኤልኤ ከእርሱ ጋር 88 ጊዜ ሲያሸንፍ የተሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በ1967፣ በ1968 እና በ1969 ዋንጫውን አነሣ፤ በሦስቱም ዓመታት የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ፉክክር ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። ይህን ክብር ሦስት ጊዜ ያገኘ ሌላ ተጫዋች በወንዶች ውድድር ታሪክ የለም። በ1969 ፍጻሜ ላይ ፐርዱን 92 ለ72 ሲያሸንፉ 37 ነጥብ አስቆጥሮ 20 ሪባውንድ፣ ማለትም ከቅርጫቱ ተመልሶ የወጣ ኳስ፣ ሰብስቧል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። አልሲንዶር በአንድ ጨዋታ በአማካይ 26.4 ነጥብ ያስቆጥር ነበር፤ የማክሊን አማካይ 20.5 ነው። አልሲንዶር አራተኛ ዓመት ተፈቅዶለት ሠላሳ ያህል ጨዋታ ቢጨምርና ያንኑ አማካይ ቢጠብቅ ኖሮ፣ ድምሩ 3,100 ገደማ በደረሰ ነበር። የጀማሪዎቹ ጨዋታ እንዳሳየው፣ ይህ ከአቅም በላይ የሆነ ግምት አይደለም። አንዳንድ ሰዎች ያልተጫወተበትን ዓመት መቁጠር አይገባም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ በመዝገብ ላይ መቁጠር አይገባም። ተጫዋችን ከተጫዋች ለማመዛዘን ሲፈለግ ግን ለአንዱ አራት ዓመት፣ ለሌላው ሦስት ዓመት ተሰጥቶ ሳለ ድምሩን ብቻ ማነጻጸር ፍትሕ አይሆንም።

የአልሲንዶርን ታላቅነት የሚመሰክር ሌላ ነገርም አለ፤ ስለ እርሱ ሲባል ተቀየረ ተብሎ ብዙዎች የሚያምኑበት ደንብ ነው። ከ1967ቱ ዋንጫ በኋላ ዳንክ፣ ማለትም ኳስን ከቅርጫቱ አፍ በላይ ይዞ በእጅ ወደ ውስጥ መክተት፣ በኮሌጅ ጨዋታ ተከለከለ። ክልከላው እስከ 1976 ድረስ ጸንቷል። የደንብ አውጪዎቹ ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ብዙው ሰው «የአልሲንዶር ደንብ» እያለ ይጠራው ነበር። አልሲንዶር በዚህ አልተጎዳም፤ ጀርባውን ወይም ጎኑን ለተከላካዩ ሰጥቶ፣ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ኳሱን ከማንም እጅ በላይ የሚለቅበትን የአወራወር ስልት ይበልጥ አሳደገው። ያ ስልት በኋላ ኤንቢኤ በተባለው የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል ማንም በቅጡ ሊያግደው ያልቻለ መሣሪያ ሆኖለታል። ከክልከላው በኋላ በተጫወተባቸው ሁለት ዓመታት ሁለቱንም ዋንጫዎች መውሰዱ፣ እኔ እንደማየው፣ ከ61 ነጥቡ የበለጠ ማስረጃ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ያላገኙለትን መላ ደንቡም አላገኘለትምና።

ከሁለቱ ሽንፈቶቹ አንደኛው ከብዙ ድሎቹ በላይ ይወሳል። በጥር 1968 ዩሲኤልኤ ከሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር በአስትሮዶም ሲጫወት 52,693 ሰው በአዳራሹ ተገኝቶ ነበር፤ ጨዋታውም በመላ አገሪቱ በቴሌቪዥን ተላለፈ። አልሲንዶር ከጥቂት ቀናት በፊት የግራ ዓይኑ ተጭሮ ስለነበር እንደ ልቡ መጫወት አልቻለም፤ 15 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ። የሂዩስተኑ ኤልቪን ሄይስ ደግሞ 39 አስቆጥሮ ቡድኑ 71 ለ69 አሸነፈ፤ 47 ጨዋታ የዘለቀው የዩሲኤልኤ ድል በዚያ ተቋረጠ። ሁለቱ ቡድኖች ከሁለት ወር በኋላ በግማሽ ፍጻሜ እንደገና ሲገናኙ ውጤቱ 101 ለ69 ሆነ፤ አሸናፊው ዩሲኤልኤ ነበር።

ይህ ሰው ለምን ሦስቱንም ዓመት ቆየ? ዛሬ እንዲህ ያለ ተጫዋች ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ኤንቢኤ በሄደ ነበር። በዚያ ጊዜ ግን ኤንቢኤ አንድ ተጫዋች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ካጠናቀቀ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ አይቀበልም ነበር። ይህ አሠራር የተናጋው ስፔንሰር ሄይዉድ የተባለ ተጫዋች በፍርድ ቤት ተከራክሮ በ1971 ካሸነፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የ1960ዎቹ የኮሌጅ ቡድኖች ከትልልቅ ተጫዋቾቻቸው ጋር ዓመታትን ያሳልፉ የነበረው በታማኝነት ብቻ አልነበረም፤ ሌላ መውጫ ስላልነበረም ነው።

ከአልሲንዶር ቀጥሎ፣ አንዳንዶች እንደሚሉትም ከእርሱ በፊት፣ የሚጠራው ስም ቢል ዋልተን ነው። ዋልተን በሳን ዲዬጎ አቅራቢያ ያደገ፣ 2.11 ሜትር ቁመት ያለው ሴንተር፣ ማለትም ከቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወት ረጅም ተጫዋች፣ ነበር። ከ1971 እስከ 1974 በተጫወተባቸው ሦስት ዓመታት ዩሲኤልኤ 86 ጊዜ አሸንፎ አራት ጊዜ ተሸነፈ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእያንዳንዱ 30 ጊዜ አሸንፎ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም፤ ሁለቱም በዋንጫ ተደመደሙ። በ1971-72 የውድድር ዘመን ቡድኑ ተጋጣሚዎቹን ይበልጥ የነበረው በአማካይ ከ30 በሚበልጥ ነጥብ ነው። ዋልተን በሦስቱም ዓመታት የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሏል። በሪባውንድ መዝገብ ላይ 1,370 ይዞ የሚመራውም እርሱ ነው፤ አልሲንዶር በሦስት ኳስ ብቻ ዝቅ ብሎ 1,367 አለው።

የዋልተንን ስም ከሁሉ በላይ የሚያስነሣው በ1973 በሴንት ሉዊስ ከተማ ከሜምፊስ ስቴት ጋር የተደረገው ፍጻሜ ነው። በዚያ ምሽት 22 ጊዜ ወርውሮ 21ዱን አስገባ፤ 44 ነጥብ አስቆጠረ፤ ዩሲኤልኤም 87 ለ66 አሸነፈ። ልብ ሊባል የሚገባው ዳንክ በወቅቱ የተከለከለ መሆኑ ነው። ዛሬ አንድ ረጅም ተጫዋች ከፍ ያለ የማስገባት መጠን ሲኖረው ብዙውን ጊዜ ኳሱን ከላይ እየከተተ ነው፤ ዋልተን ግን የቡድን ጓደኞቹ ከቅርጫቱ አጠገብ ከፍ አድርገው የሚያቀብሉትን ኳስ እየዘለለ በአየር ላይ ይቀበልና በቀስታ ይጥለው ነበር። ይህ የእጅ ልስላሴና የጊዜ አጠባበቅ ችሎታ ነው። በፍጻሜ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ የአንድ ሰው ብቃት ታይቷል ለማለት የሚደፍር ሰው ካለ ማስረጃው ከባድ ይሆንበታል።

ዋልተን ከነጥብና ከሪባውንድ ውጭም የሚነገርለት ብዙ ነው። ሪባውንድ ይዞ ገና መሬት ሳይረግጥ ዞሮ ኳሱን ወደ ሜዳው አጋማሽ ይልክ ስለነበር፣ የቡድኑ ፈጣን ጥቃት የሚጀምረው ከእርሱ እጅ ነበር። በቬትናም ጦርነት ላይ በተደረገ የተማሪዎች ተቃውሞ ተካፍሎ በ1972 ታስሯል፤ ጸጉርና ጢም በሚመለከተው የአሠልጣኙ ሥርዓት ላይም ተከራክሯል፤ ይሁንና ሁለቱ እስከ ውደን ሕልፈት ድረስ የልብ ወዳጆች ሆነው ኖረዋል። ዋልተን በግንቦት 2024 በ71 ዓመቱ ዐረፈ።

የመጨረሻ ዓመቱ ግን እንደ ቀደሙት አልሆነም። በጥር 1974 ኖትር ዳም በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ 12 ተከታታይ ነጥብ አስቆጥሮ 71 ለ70 ሲያሸንፍ፣ የዩሲኤልኤ የ88 ጨዋታ ተከታታይ ድል ቆመ። ከዚያም በግማሽ ፍጻሜ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ከሁለት ተጨማሪ ሰዓት በኋላ 80 ለ77 ረታቸው፤ ዩሲኤልኤ በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ሰባት ነጥብ ይመራ ነበር። አልሲንዶርን ከዋልተን እንዳስቀድም የሚያደርገኝ ይህ ነው። በየጨዋታው ሲታይ ዋልተን ይበልጥ የተሟላ ተጫዋች ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ብሔራዊ ውድድር ያልተሸነፈው ግን አልሲንዶር ነው። በዚህ ጥሎ ማለፍ ውድድር አንድ መጥፎ ምሽት ሙሉውን ዓመት ሊያበላሽ ይችላል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም እንዲህ ያለ ምሽት አለመፍቀድ ከምንም በላይ የሚከብድ ነገር ነው።

ስለ ረጃጅሞቹ ብዙ በመነገሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዋንጫዎች በአጫጭሮቹ መገኘታቸው ይዘነጋል። የ1964ቱ ቡድን 30 ጨዋታ ያለ ሽንፈት ሲያጠናቅቅ ከቋሚ ተሰላፊዎቹ መካከል ከ1.96 ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያለው አልነበረም። ያሸነፉት ተጋጣሚያቸው ኳሱን ገና ከራሱ ሜዳ ሳያወጣ በሙሉ ሜዳ እየተጫኑት ነበር። ያን ቡድን የመራው ዋልት ሃዛርድ ነው፤ ኳስ ሲያቀብል ጓደኛው የሚደርስበትን ቦታ ቀድሞ ያየ የሚመስል ጋርድ፣ ማለትም ኳስ እየነዳ ጨዋታውን የሚመራ ተጫዋች፣ ነበር። በፍጻሜው ዱክን 98 ለ83 ሲረቱ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በዚያው ዓመትም በቶኪዮ ኦሊምፒክ ከአሜሪካ ቡድን ጋር ወርቅ አገኘ። ጓደኛው ጌይል ጉድሪች ግራኝ ሲሆን ቁመቱ 1.85 ሜትር ነበር፤ በ1965 ፍጻሜ በሚሺጋን ላይ 42 ነጥብ አስቆጥሮ ለሁለተኛው ዋንጫ አብቅቷቸዋል። የሚገርመው የዚያ ዓመት ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ለጉድሪች አልተሰጠም፤ ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ጨዋታ 58 ነጥብ ላስቆጠረው ለፕሪንስተኑ ቢል ብራድሊ ተሰጠ። ሽልማት ብቻ ተከትሎ ተጫዋች የሚመዝን ሰው ጉድሪችን ሊያጣው ይችላል ማለት ነው። ሃዛርድና ጉድሪች ባይኖሩ ኖሮ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ እስከ ካሊፎርኒያ የመጣው አልሲንዶር ይህን ዩኒቨርሲቲ መምረጡ አጠራጣሪ ነበር።

በአልሲንዶርና በዋልተን መካከል ደግሞ ሲድኒ ዊክስ አለ። አልሲንዶር በ1969 ሲመረቅ ብዙዎች የዩሲኤልኤ ዘመን አበቃ ብለው ነበር። በ1970 ፍጻሜ የገጠሟቸው ጃክሰንቪሎች 2.18 ሜትር ቁመት ያለው አርቲስ ጊልሞር ነበራቸው፤ 2.03 ሜትር የነበረው ዊክስ ግን ከኋላው እየተነሣ የጊልሞርን ውርወራ ደጋግሞ አገደ፤ ዩሲኤልኤም 80 ለ69 አሸነፈ። ዊክስ የውድድሩ ምርጥ ተብሎ ሲመረጥ፣ በቀጣዩ ዓመትም ዋንጫው ከእርሱ ጋር ቀረ። ሰባቱ ተከታታይ ዋንጫዎች ከሁለት ረጃጅም ሰዎች ብቻ እንዳልመጡ የሚያረጋግጠው እርሱ ነው።

ስለዚያ ዘመን ሲነገር መታለፍ የሌለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የውድድሩ ቅርጽ ነው። እስከ 1974 ድረስ ከየምድቡ፣ ማለትም በመደበኛው ወቅት እርስ በርስ ከሚጫወቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ፣ በመደበኛነት የሚገባው አንድ ቡድን ብቻ ስለነበር፣ ተሳታፊዎቹ ከ22 እስከ 25 ነበሩ፤ ዩሲኤልኤ ዋንጫውን ለመውሰድ አራት ጨዋታ ማሸነፍ ይበቃው ነበር። የአጥቢያ ምድቦቹም በመልክዓ ምድር የተከፈሉ ስለነበሩ የምሥራቁ ኃያላን እርስ በርሳቸው ሲተላለቁ የምዕራቡ ቡድን መንገዱ ይቀልለት ነበር። በ1985 ግን ተሳታፊዎቹ 64 ደረሱ፤ ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ስድስት ድል ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በዚያ ዘመን በምድቡ ሁለተኛ የወጣ ቡድን በውድድሩ መሳተፍ ስለማይችል፣ በመደበኛው ጨዋታ መድከም ከዛሬ ይልቅ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ሁለተኛው ነገር ደስ አይልም፤ ውደን በ1975 ከለቀቁ በኋላ በተደረገ ምርመራ ዩኒቨርሲቲው በ1981 በኤንሲኤኤ ተቀጥቷል፤ የ1980 የሁለተኛ ደረጃ ውጤቱም ተሰርዞበታል። ከጉዳዩ ጋር ስሙ የተያያዘው ባለሀብት ሳም ጊልበርት በውደን ዘመንም ለተጫዋቾቹ ቅርብ ነበር። ይህ የዋልተንን 21 ውርወራ አይቀንስም፤ ግን የዚያን ዘመን ታሪክ ሙሉ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ሊዘለው አይችልም።

ከዩኒቨርሲቲው የወጡ ታላላቅ ሰዎችንና የቅርጫት ኳስ ቡድኑን ታላላቅ ተጫዋቾች ለይቶ ማየትም ያስፈልጋል። በ1947 በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ የቆዳ ቀለም ድንበርን የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን ከ1939 እስከ 1941 በዩሲኤልኤ ሲማር ቅርጫት ኳስም ተጫውቷል፤ ምድቡን በነጥብ መርቷል። ራፈር ጆንሰንም በውደን ሥር ተጫውቷል፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1960ው የሮም ኦሊምፒክ ጆንሰን በዴካትሎን ወርቅ ወስዷል። ራስል ዌስትብሩክ በ2017 የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል፤ በዩሲኤልኤ ባሳለፋቸው ሁለት ዓመታት ግን የቡድኑ ዋና ሰው አልነበረም። የእነዚህ ሰዎች ክብር በሌላ ሜዳ የተገኘ ነው፤ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ከፍ ብለው ቢገቡ ሃዛርድና ዊክስ ይበደላሉ።

ሬጂ ሚለር በዚህ ረገድ ልዩ ቦታ አለው። ከ1983 እስከ 1987 ተጫውቶ 2,095 ነጥብ አስቆጥሯል፤ በ1985-86 አማካዩ 25.9 ነበር። ሚለር በኤንቢኤ የታወቀው ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ በሚወረውረው ኳስ ነው፤ ያ መስመር በመላው የኮሌጅ ውድድር ሥራ ላይ የዋለው ግን በ1986-87፣ ማለትም በመጨረሻው ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ከሩቅ ያስገባው ሁሉ በሁለት ነጥብ ተቆጥሯል። ማርከስ ጆንሰንም በውደን የመጨረሻ የዋንጫ ቡድን ውስጥ ገና ወጣት ሆኖ ተጫውቶ፣ በ1977 በአሠልጣኙ ስም የተቋቋመው ሽልማት የመጀመሪያ ተሸላሚ ሆኗል። እርሱ የነጥብ ክብረ ወሰን የለውም፤ ከዋልተን በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን ከእርሱ የሚስተካከል በቡድኑ አልታየም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ወንዶች ብቻ ነው። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከወንድም ከሴትም የሚበልጥ ነጥብ ያስቆጠረችው ግን ዴኒዝ ከሪ ናት፤ ከ1977 እስከ 1981 ድረስ 3,198 ነጥብ። ከእርሷ የቀደመችው አን ማየርስ በ1974 ስትገባ በዩሲኤልኤ ሙሉ የአራት ዓመት የስፖርት ስኮላርሽፕ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። በ1978 በአንድ ጨዋታ 20 ነጥብ፣ 14 ሪባውንድ፣ 10 አሲስት (ጓደኛን ለነጥብ ያበቃ ቅብብል) እና ከተጋጣሚ የነጠቀቻቸው 10 ኳሶች አስመዝግባለች፤ በከፍተኛው የኮሌጅ ዲቪዚዮን፣ በወንዶችም ሆነ በሴቶች፣ እንዲህ ያለ ውጤት ከዚያ በፊት አልተመዘገበም። በዚያው ዓመት ቡድኗ ሜሪላንድን 90 ለ74 አሸንፎ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫው ግን ከ11ዱ የወንዶች ዋንጫ ጋር ተደምሮ ሲነገር ብዙም አይሰማም፤ ምክንያቱ ኤንሲኤኤ የሴቶችን ውድድር ማካሄድ የጀመረው በ1982 ስለሆነ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1990 የአልሲንዶርንና የዋልተንን የማልያ ቁጥር ለክብር ሲያስቀምጥ የማየርስንና የከሪንም አብሮ ማስቀመጡ ትክክል ነበር። ይህ ሚዛን በየጽሑፉ ቢከበር መልካም ነው።

ከውደን በኋላ የመጣው ብቸኛ የወንዶች ዋንጫ የ1995ቱ ነው፤ የእርሱም ባለቤት ኤድ ኦባነን ነው። ኦባነን ዩሲኤልኤ ከመጫወቱ በፊት ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ዳግመኛ በሚገባ ይጫወታል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነበር። በዚያ ውድድር ሁለተኛ ዙር ላይ ሚዙሪ በአንድ ነጥብ እየመራ 4.8 ሰከንድ ሲቀር፣ 1.78 ሜትር የሆነው ታየስ ኤድኒ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ የማሸነፊያውን ነጥብ አስገባ፤ 75 ለ74። ኤድኒ በፍጻሜው ቀን በእጁ ጉዳት ምክንያት ከሦስት ደቂቃ ያህል በላይ መጫወት አልቻለም። ኦባነን ግን 30 ነጥብና 17 ሪባውንድ አስመዝግቦ፣ የቀደመውን ዓመት ሻምፒዮን አርካንሳስን 89 ለ78 አሸነፉ። በኤንቢኤ የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። የኮሌጅን ታላቅነት በኤንቢኤ ዕድሜ የሚለካ ሰው ኦባነንን ይጥለዋል፤ እኔ ግን ከአልሲንዶርና ከዋልተን ቀጥሎ ካሉት ሦስት አራት ሰዎች መካከል አስቀምጠዋለሁ፤ ያለ ውደን፣ በ64 ቡድን ውድድር፣ ስድስት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ያመጣ ሌላ የዩሲኤልኤ መሪ የለምና።

ኦባነን በሌላም መንገድ ይህን ጨዋታ ለውጧል። ከዓመታት በኋላ በላስ ቬጋስ መኪና እየሸጠ ሲኖር፣ የእርሱን መልክና አጨዋወት የያዘ ተጫዋች በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ አየ፤ ለዚህም አንድም ክፍያ አልተደረገለትም። በ2009 በኤንሲኤኤ ላይ ክስ መሠረተ፤ በ2014 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ማኅበሩ የንግድ ውድድር ሕግን ጥሷል ብለው ፈረዱ። ይህና ሌሎች ክርክሮች ተደማምረው ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተማሪ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በ2025 የጸደቀው ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ በር ከፍቷል።

በዚሁ ጊዜ የዓመታቱ ጉዳይም ተገለባብጧል። ከ2006 ጀምሮ ኤንቢኤ የሚቀበለው 19 ዓመት የሞላቸውን ስለሆነ፣ ጎበዞቹ አንድ ዓመት ተጫውተው ይሄዳሉ፤ ኬቨን ላቭ በ2007-08 በአማካይ 17.5 ነጥብና 10.6 ሪባውንድ አስመዝግቦ ቡድኑን ወደ መጨረሻዎቹ አራት ካደረሰ በኋላ ወዲያው ወጥቷል። የሚቀሩትም ቢሆኑ ከ2021 ወዲህ አንድ የውድድር ዘመን ከሜዳ ሳይርቁ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይችላሉ። የማክሊን 2,608 ነጥብ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልተደፈረው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው፤ አራቱንም ዓመት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳልፍ ታላቅ አስቆጣሪ እየጠፋ ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት፣ በሌላው አንድ፣ በዩሲኤልኤ ደግሞ አንድ ዓመት ተጫውቶ ዋንጫ የሚያነሣ ሰው ቢመጣ፣ ከሃዛርድና ከዊክስ ጎን ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚለውን የመዝገብ ጠባቂዎቹ በቅርቡ መወሰን ይኖርባቸዋል።